ቤት ድረስ መጥቶ የልጅ አክታ የሚወስደው አገልግሎት፣ ሀዋሳ ላይ ሶስት ጊዜ ሞክሬው ያየሁት

ልጄ ስምንት አመቱ ነው፣ እናቴ ግን "ደረቱ የኔ እኩያ ነው" ትላለች። ሶስት አመቱ ላይ ቲቢ ይዞት ስድስት ወር መድሀኒቱን ጨርሶ ዳነ፣ ሳንባው ግን እንደነበረ አልሆነም፣ የአየር ቧንቧዎቹ ሰፍተው ቀሩ። ብሮንኬክታሲስ ይሉታል። ሲያስረዱኝ እንዲ ነው፣ ጤነኛ ሰው አክታው ሳያውቀው ራሱ እየተጠረገ ይወጣል፣ የሱ ግን እዛ የሰፋው ቧንቧ ውስጥ ይተኛል፣ የተኛው ላይ ጀርም ይራባል፣ ጀርሙ ደሞ ቧንቧውን መልሶ ይጎዳዋል፣ በቃ እንደዛ እየዞረ ነው። ስለዚ ሀኪሙ በየሶስት ወሩ አክታው ካልቸር እንዲደረግ (ላብራቶሪ ውስጥ ጀርሙ እንዲያድግ ተደርጎ ምን እንደሆነ እንዲታይ) ይፈልጋል፣ በመሀል ሳሉ ከባሰ ወይ አክታው አረንጓዴ ከሆነ ደሞ ያኔውኑ።

ቀላል ይመስላል አይደል? አክ እንትፍ አድርጎ መስጠት። ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ልጅ አክታ አይተፋም፣ ይውጠዋል። የኔው ደሞ ደህና አድርጎ የሚያስለው ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ከእንቅልፉ ሲነቃ ነው። እኛ ከዳቶ ባጃጅ ይዘን፣ ካርድ አውጥተን፣ ወረፋ ጠብቀን፣ ኩባያው እጃችን እስኪገባ አራት ሰዓት ይሆናል፣ ያኔ ደረቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሆዱ ገብቷል። "በል ማሙሽ አክ በል" ስለው ሰው ያየዋል፣ ያፍራል፣ ምራቅ ይተፋልኛል። ምራቅ ደሞ ላብራቶሪ አይቀበልም፣ ቢቀበልም የአፍ ጀርም ነው የሚያበቅለው። እዛ አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሚያስል ሰው ጎን ማስቀመጡን ሳልቆጥር ማለት ነው፣ ደረቱ የታመመ ልጅ ይዘሽ ሌላ በሽታ ልትሸምቺለት እንደመሄድ።

ትንሽ ሆኖ የነበረውማ አይነሳ። ሶስት አመቱ ላይ ቲቢውን ለማረጋገጥ አስተኝተውት ሌሊት የዋጠውን አክታ ከጨጓራው ለማውጣት በአፍንጫው ቱቦ አስገቡለት፣ ጠዋት ምንም ሳይቀምስ፣ እጆቹን የያዝኩለት እኔ ነኝ። እስከዛሬ ነጭ ጋውን ሲያይ አፍንጫውን በመዳፉ ይሸፍናል። አሁን አሁን ለትንንሾቹ ሰገራ ተወስዶ በጂን ኤክስፐርት (የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ነው) ይታያል፣ የተዋጠው አክታ መውጫው በዛ ስለሆነ፣ የአለም ጤና ድርጅትም ከ2020 (በነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ይመክረዋል። በኛ ጊዜ ግን ማንም አልነገረኝም።

እና ቤት ድረስ መጥተው ናሙና የሚወስዱ አሉ ሲባል ያለማጋነን ዘልዬ ነው የደወልኩት። ስማቸውን አልጽፍም። ከታች የምወቅሳቸው ነገር አለ፣ ሀዋሳ ደሞ እንደምታውቋት ሁሉም ከሁሉም ጋር ይተዋወቃል፣ ነርሷም እንጀራዋ ነው።

አሰራሩ፣ ማታ በቴሌግራም የሀኪሙን ማዘዣ ፎቶ አንስተሽ ትልኪያለሽ፣ በቴሌብር ትከፍያለሽ፣ ጠዋት ይመጣሉ። እኔን ለመምጫው 500 ብር አስከፈሉኝ፣ የካልቸሩ ዋጋ ለብቻው ነው። ውድ ነው? ኮንትራት ባጃጅ ደርሶ መልስና እኔ ሱቅ ዘግቼ የምውልበትን ስደምረው ብዙም ልዩነት የለውም። ለሌላው ግን ውድ ሊሆን እንደሚችል ይገባኛል።

የመጀመሪያው ቀን ሲስተሯ አስራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ በር አንኳኳች። ከተማው ገና ጭር ብሎ ቅዳሴ ብቻ ነው የሚሰማው። ጋውን አልለበሰችም፣ ሹራብና ጂንስ፣ ይሄ ብቻውን ለኔ አስር ነጥብ ነው፣ ማሙሽ አፍንጫውን አልሸፈነም። ገብታ ኩባያ አላወጣችም። መጀመሪያ አፉን በንጹህ ውሃ እንዲጉመጠመጥ አደረገች፣ በጥርስ ሳሙና አይደለም፣ ምግብም እንዳይቀምስ ማታውኑ ነግራን ነበር። ከዛ ኦክስጅን መለኪያዋን ጣቱ ላይ ሰካች፣ ደረቱን አዳመጠች፣ እና ውጪ እንውጣ አለች። ለምን ስላት፣ ሲያስል የሚወጣው አየር ላይ ይበተናል፣ ክፍል ውስጥ ግን ተዘግቶ ይቀራል፣ ከቲቢ ታሪክ ጋር ሁሌ ውጪ ነው የሚሻለው አለችኝ። አቮካዶው ስር ወንበር አወጣን።

እዛ ጋ የሆነውን ነው ልነግራችሁ የምፈልገው፣ ምክንያቱም 500 ብሩን የከፈልኩት ለዛ ነው። ልጁን አስል አላለችውም። ግማሽ ውሃ ያለበት የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ስትሮ አስገብታ "እስኪ እንደ ድስት አፍላልኝ" አለችው፣ እያንቦለቦለ መሳቅ ጀመረ። ከዛ በጎኑ ጭኔ ላይ አስተኝታ መዳፏን እንደ ጭልፋ ጎድጎድ አድርጋ ጀርባውን ጠብ ጠብ ጠብ፣ ድምጹ ባዶ ጆግ እንደመምታት ነው፣ በጠፍጣፋ እጅ ከሆነ ያማል እንጂ ጥቅም የለውም ብላ እጄን ይዛ አስተካከለችልኝ፣ አምስት አመት ሙሉ በጠፍጣፋ እጅ ስመታው የኖርኩት እኔ ነኝ እንግዲ። ቀጥላ ቁጭ አድርጋው "አሁን አፍህን ከፍተህ ሃ በል፣ እፍ አይደለም፣ መስታወት ላይ ጉም ሰርተህ ስምህን እንደምትጽፍ" አለችው። አንድ ሃ፣ ሁለት ሃ፣ ሶስተኛው ላይ ከሆዱ የመጣ ሳል አንፈራገጠው፣ እሷ ኩባያውን ከአፉ ስር አድርጋ እየጠበቀች ነበር። ወፍራም፣ ቢጫ፣ እንደ ሙጫ። ቆሻሻ ነገር በማየቴ እንደዛ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልጁ ራሱ ኩባያውን ወደ ብርሃን አንስቶ "ይሄ ሁሉ እኔ ውስጥ ነበር?" አለ።

ሁሉም ነገር አርባ ደቂቃ። አጣድፋውም አታውቅም። በመሀል የጎረቤት ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ማየት ሲጀምሩ ማሙሽ አፍሮ እምቢ አለ፣ እሷ ወንበሩን አዙራ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጠችውና ቀጠለች። ደምም ታዞለት ነበር፣ በቀጭኗ ቢራቢሮ መርፌ ወሰደች፣ የትኛው እጅ እንደሆነ እሱ መረጠ፣ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፣ ጥሩ ነበር።

አንድ የምያስቅ ነገር። እናቴ "ሰው ቤት መጥቶ ቡና ሳይቀምስ" ብላ እኛ ሳናይ ከሰል አያይዛ ዕጣን ጨምራ ቡና አቀራርባለች። ጭሱ በረንዳው ላይ ሲደርስ ልጁ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ሲስተሯ አልተቆጣችም፣ "እማማ ቡናውን እጠጣለሁ፣ ግን ሲኒውን ይዤ በር ላይ ነው የምጠጣው፣ ከሰሉን ደሞ ወደ ጓሮ እንውሰደው" ብላ ራሷ ተሸክማ ወሰደችው፣ ቆማ ጠጣች። እኔ ስለ ጭሱ አንድ አመት ተጨቃጭቄ ያላሸነፍኩትን እናቴ ከዛን ቀን ጀምሮ ዕጣን ቤት ውስጥ አታጨስም።

ውጤቱ በአራተኛው ቀን በቴሌግራም መጣ፣ ካልቸር ጀርሙ እስኪያድግ ሁለት ሶስት ቀን ይፈልጋልና በዛ አልወቅሳቸውም። ሱዶሞናስ የሚባል ጀርም፣ ከነ መድሀኒት ዝርዝሩ፣ የትኛው ይገድለዋል የትኛው አይገድለውም። ሀኪሙ ሲያየው ፊቱ ተቀየረ፣ ይሄ ጀርም ሳንባ ውስጥ ቤት ከሰራ ማስለቀቁ ከባድ ነው፣ ገና እንደመጣ መያዙ ጥሩ ነው አለ፣ መድሀኒት ቀየረለት። ተለምዶ ለደረት የሚሰጡት አሞክሲሲሊን ይሄንን አይነካውም። እኔ ደሞ በፊት ስንት ጊዜ ምራቅ ሰጥተን "ምንም የለም" ተብለን እንደተመለስን አሰብኩ።

እስከዚ ድረስ አምስት ኮከብ ነው። ሁለተኛው ላይ ነው የተበላሸው።

መድሀኒቱ ካለቀ በኋላ ጀርሙ መጥፋቱን ለማየት ሌላ ናሙና ያስፈልግ ነበር፣ በዛ ላይ ሳሉ እንደገና ጀምሮት ትንሽ ትኩሳትም ነበረው። ሀኪሙ "አክታውን አስቀድማችሁ ስጡ፣ አዲስ አንቲባዮቲክ ከዛ በኋላ ነው" አለ፣ ምክንያቱም መድሀኒት ከተጀመረ ካልቸሩ ላይ ጀርሙ ላያድግ ይችላል። ስለዚ ልጁ እየተቃጠለ የምንጠብቀው ያንን ኩባያ ነው። ማታ ጻፍኩላቸው፣ እሺ አሉ። ጠዋት ሲስተሯ አልመጣችም፣ ሞተረኛ መጣ። በሩ ላይ ኩባያ ሰጥቶኝ "እናት አንቺ አስወጪው፣ ዞሬ እወስዳለሁ" ብሎ ሄደ። እሺ፣ ያሳየችኝን አደረግኩ፣ ጠርሙሱን አንቦለቦለ፣ ጭልፋዬን መታሁ፣ ሃ አለ፣ ወጣ። ጥሩ አክታ ነበር፣ እኔ ነኝ ያየሁት። አንድ ሰዓት ላይ ተዘጋጅቶ ሞተረኛው የመጣው ሶስት ሰዓት ላይ ነው። እኔ እስከዛ ፍሪጅ ውስጥ በፌስታል ጠቅልዬ ከወተቱ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ልክ ነበርኩ፣ የአክታ ካልቸር ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፣ ከቆየ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው።

ሞተረኛው ተቀብሎኝ የልጄን ስም ክዳኑ ላይ ጻፈ። ክዳኑ ላይ! አይስ ቦክሱን ሲከፍተው ውስጡ አራት አምስት ኩባያ አለ፣ የበረዶ ፕላስቲኩን በጣቴ ነካሁት፣ ለብ ብሏል፣ ልስልስ። "ማታ መብራት ስላልነበረ አልረጋም" አለኝ። ከኔ በኋላ ደሞ አቶቴ፣ ከዛ ሞኖፖል፣ ከዛ አላሙራ ስር ሌላ ቤት አለው። እኔ ደግሞ ሞኝ፣ ምንም ሳልል በሩን ዘጋሁ። ያ ቀን ደሞ ጸሀዩ ሀይለኛ ነበር፣ ሀይቅ ዳር እንኳ ነፋስ አልነበረም።

በሶስተኛው ቀን ተደወለ። "ናሙናው እንደገና መሰጠት አለበት።" ለምን? ላብራቶሪው አልተቀበለውም፣ አንዱ ኩባያ ፈሶ ክዳኖቹ ተከፍተው ሲጠራረጉ የማን የማን እንደሆነ አልታወቀም። ክዳንና ኩባያ ከተለያየ በቃ፣ ስሙ ያለው ክዳኑ ላይ ነዋ። ለዚ ነው ስም ሁሌ ጎኑ ላይ የሚጻፈው፣ ይሄን ኋላ ላይ ሲስተሯ ናት ያስረዳችኝ፣ እያፈረች። እንዳይፈስም ኩባያው ተጣብቆ ተዘግቶ በፌስታል፣ ፌስታሉ ደሞ የሚመጥ ነገር ተደርጎበት በጠንካራ ሳጥን ነው የሚሄደው፣ ሶስት ድርብ። ፖስታ ቤታችን እንኳ የቲቢ ናሙና ከጤና ጣቢያ ወደ ላብራቶሪ ሲያመላልስ ኖሯል እኮ፣ አዲስ ጥበብ አይደለም።

ያናደደኝ መፍሰሱ አይደለም። ናሙናው ውድቅ የሆነው የዛኑ ቀን ከሰዓት ነው፣ ለኔ የተነገረኝ በሶስተኛው ቀን! ሶስት ቀን ልጄ ያለ አንቲባዮቲክ ትኩሳቱን በፓራሲታሞል እያበረድኩ ሌሊት ሌሊት ትራስ ደራርቤ ቁጭ አድርጌ ሳድር፣ እነሱ ጋ ውጤት የሚባል ነገር እየተሰራ አልነበረም። የዛኑ ቀን አንድ ሜሴጅ ቢልኩ በማግስቱ ሌላ እንሰጥ ነበር። ስነግራቸው "ድጋሚውን በነጻ እንሰራለን" አሉ። ብሩን ማን ጠየቀ? ሀኪሙ ከዚ በላይ አይጠበቅም ብሎ አስጀመረው፣ ጀርሙ ጠፍቶ ነበር አልጠፋም የሚለው ሳይታወቅ ቀረ።

መቼም ሀዋሳ ውስጥ ሌላ አማራጭ ያለኝ ቢሆን ኖሮ ሶስተኛ አልሄድም ነበር። ግን የአቮካዶው ስር ጠዋት አልረሳ ብሎኝ ሄድኩ፣ በቅድመ ሁኔታ። አንድ፣ ሲስተሯ ካልሆነች አትምጡ። ሁለት፣ የኛ ቤት የዙሩ የመጨረሻ ይሁን፣ ከኛ ቀጥታ ላብራቶሪ፣ ከኛ በኋላ ሌላ በር አይንኳኳ። ሶስት፣ ላብራቶሪው የተቀበለበትን ሰዓት የሚያሳየውን ወረቀት ፎቶ ይላክልኝ። ሶስተኛውን ሲሰሙ ትንሽ ደበራቸው፣ "እህት እንዲ ያለች ደንበኛ የለንም" ምናምን፣ ግን አደረጉት። አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ከቤት ወጥቶ ሁለት ሰዓት ከአስር ላይ ማህተም ተመታበት። ሃምሳ ደቂቃ። ይቻላል እኮ ታዲያ! ከተማው ከዳር እስከ ዳር በባጃጅ ስንት ነው? ውጤቱ ንጹህ መጣ፣ ሱዶሞናስ የለም።

ያን ቀን ሲስተሯን አንድ ነገር ጠየቅኳት። ሆስፒታል ያለች አንዲት እናት ጨዋማ ውሃ በኔቡላይዘር (ፈሳሹን እንደ ጉም አድርጎ በሚያስተነፍስ ማሽን) ሲስቡት አክታ ቶሎ ይወጣል ብላኝ ነበር፣ ለምን አታደርጊለትም አልኳት። እምቢ አለች። እውነት ነው ያወጣል፣ ግን ወፍራሙ ጨው፣ ያ 3 ፐርሰንቱም ቢሆን፣ ደረት ሊያጠብቅ ይችላል፣ መጀመሪያ የአየር ቧንቧ የሚከፍተው ቬንቶሊን ይሰጣል፣ ሀኪም አጠገብ ሆኖ ኦክስጅን እየታየ ነው የሚደረገው፣ ያለ ማዘዣ በሰው ግቢ አላደርግም አለችኝ። ሊከፍሏት ለሚፈልጉ ሰዎች እምቢ የምትል ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው፣ ይሄንንም ለሷ እጽፍላታለሁ። እናንተም ጨው በውሃ በጥብጣችሁ ቤት እንዳትሞክሩት እባካችሁ።

ባለቤቴ በበኩሉ "ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ቅብጠት ነው" ይላል። ፈረንጆቹማ ሰሩበት፣ በኮሮና ጊዜ እንግሊዝ አገር ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል የዘር የሳንባ በሽታ ያለባቸው ልጆች ሆስፒታል እንዳይመጡ ተብሎ ወላጅ ቤት ውስጥ ልጁን እያሳለ በጥጥ ዘንግ ጉሮሮውን ነክቶ በፖስታ ይልክ ነበር። በሽታው ሌላ ነው፣ የኛ ልጆች ብዙዎቹ ከቲቢ ወይ ከከባድ ኒሞኒያ በኋላ የቀረባቸው ነው። ችግሩ ግን አንድ ነው፣ ልጁ የሚያስልበት ሰዓትና ሆስፒታሉ የሚከፈትበት ሰዓት አልገናኝ ማለቱ። የነሱ ናሙና በፖስታ ይሄዳል፣ የኛ ሞተረኛ ደሞ አላሙራን ዞሮ ይመጣል፣ ልዩነቱ እዛ ላይ ነው።

ስለዚ ለማን ይሆናል? ልጃችሁ አክታ እንደሚያወጣ እያወቃችሁ ሆስፒታል ስትደርሱ ለሚደርቅባችሁ፣ ሲስተሯን ብላችሁ ጠይቁ፣ ገንዘቡ ይገባታል። ኩባያ ብቻ የሚያቀብል ሞተረኛ ከሆነ የሚመጣው ግን ብራችሁን ያዙ፣ ኩባያውን ከጤና ጣቢያ ማታውኑ ወስዳችሁ ጠዋት ራሳችሁ ብታደርሱ ይሻላል። ልጁ እየተነፈሰ ጎድኑ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ወይ ከንፈሩ ከጠቆረ ደሞ ስለ ናሙና አታስቡ፣ ቀጥታ ድንገተኛ።

ኮከብ ከተባለ ለሲስተሯ አምስት፣ ለመንገዱ አንድ፣ ለስልካቸው ዜሮ። አማካኙን ራሳችሁ ስሩት።

ቀጣያችን ሀምሌ ላይ ነው፣ ክረምት ደሞ ለሱ ደረት አይመችም። ማን እንደሚመጣ እስካሁን አላረጋገጡልኝም። ኩባያውን ግን ቀድሜ ተቀብያለሁ፣ ማሙሽ በማርከር ስሙን ጎኑ ላይ በትልቁ ጽፎበት ቁምሳጥኑ ላይ አስቀምጦታል፣ ክዳኑ ላይ ደሞ ምንም እንዳይጻፍ ብሎ ኤክስ አድርጎበታል።